የሳኦል ጥሩርና የልጄ ሮቦት



ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት መንፈሳዊ ርእስ ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን እኔም አብሬያችሁ እጠይቅ ነበር። እንዲያውም በቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ «የተኩስ ጌም የሚጫወት ወጣት ከአገልግሎት ይታገድ» የሚለውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ያንን ሐሳብ ለምን እንደ ተውኩት ልነግራችሁ ነው።

የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልግሎት ኃላፊም ነኝ። ረቡዕ ማታ ነበር። የቤታችን የጸሎት ሰዓት ደርሶ፣ ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልጄን ሁለት ጊዜ ጠራሁት። ሁለቱንም ጊዜ «መጣሁ አባዬ፣ አራት ደቂቃ ብቻ» አለኝ። በሦስተኛው ተነሥቼ ክፍሉ ገባሁና ስልኩን ከእጁ ነጥቄ አጠፋሁት።

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ያየኝ ዕቃ እንደ ተቀማ ሰው ሳይሆን ሰው እንደ በደለ ሰው ነበር። «አባዬ፣ አምስት ሰው ጥዬ ወጣሁ እኮ» አለኝ።

ከዚያ ጸለይን። በእርግጥ እኔ ጸለይኩ ብል ይሻላል። የዚያን ማታ ምን ብዬ እንደ ጸለይኩ ዛሬ አንድም ቃል አላስታውስም። የእርሱ ንግግር ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ይህ ልጅ ከወጣቶች ኅብረት ስንት ቅዳሜ ቀርቷል? ቀርቶ ሳለስ አንድ ቀን «ሰዎች ጥዬ ቀረሁ» ብሎ ያውቃል? አያውቅም። ለምን ይላል? ቢመጣ የሚቀመጥበት ወንበር አለ፤ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። ደውሎ «ምነው ቀረህ?» ያለውም የለም። የመደወሉ ሥራ ደግሞ የእኔ ነበር።

ጠዋት ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታው ስለ ጸሎቱ ሰዓት ሳይሆን ስለ መንጠቄ ነው። ከዚያ «እስቲ አሳየኝ» አልኩት።

የእኛ ሰፈር ልጆች ጌም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የፕሌይስቴሽን ቤቱን ነው። ልጆች ተሰብስበው በስክሪን ኳስ ይጫወታሉ፤ ጩኸታቸው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። የልጄ ግን ሌላ ነው። በስልክ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የሚጫወተው ነው። ስሙ «ዋር ሮቦትስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጌም ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ፎቅ የሚያክል ሮቦት ይነዳል። ስድስት ሰው ለስድስት ሰው ሆነው ይገጥማሉ፤ አንዱ ዙር ቢበዛ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በሜዳው ላይ የሚያዙ ቦታዎች አሉ። ብዙ ቦታ ይዞ የቆየ ወይም የተቃራኒውን ሮቦቶች የጨረሰ ያሸንፋል። አንድ ተጫዋች እስከ አምስት ሮቦት መጠባበቂያ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ሲወድም በሌላው ይመለሳል።

የልጄ ቡድን ሁለቱ ከአጠና ተራ ናቸው፣ አንዱ ከቤቴል፣ አንዱ ጅዳ የሚኖር ያገራችን ልጅ ነው። አምስተኛው ከየት እንደ ሆነ እንኳ አያውቁም።

«ሞክረው አባዬ» አለኝ። ሞከርኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተቃጠልኩ። ልጄ ሳቀ፤ ከእኔ ጋር ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። «ብቻህን ወጣህ እኮ። ከባዱን ሮቦት ይዞ ብቻውን የሚወጣ ይሞታል» አለኝ። የእርሱ ሮቦት ትልቅ ጋሻ ያለው ነው። ሥራው ፊት ፊት እየሄደ የጓደኞቹን ተኩስ መቀበል ነው። ያን ጊዜ የረቡዕ ማታው ነገር ገባኝ። እኔ ስልኩን ሳጠፋ ከጋሻው ኋላ የተጠለሉ አምስት ልጆች ባዶ ሜዳ ላይ ቀርተው ነበር።

በመጀመሪያ የዘመኑ ፋሽን መስሎኝ ነበር፤ ነገ ይሰለቸዋል አልኩ። ሳጣራ ግን ነገሩ ከእኔ ዕድሜ ጋር የሚሄድ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው ግዙፍ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1972 «ማዚንገር ዜድ» በተባለ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ገነነ። በ1979 «ጋንዳም» ተከተለ። በ1984 አሜሪካ ውስጥ፣ በኋላ «ባትልቴክ» የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ ሆነ። በ1990 ቺካጎ ላይ ሰዎች ከፍለው የሚገቡበት ቤት ተከፈተ፤ እያንዳንዱ ሰው የሮቦት መንጃ ክፍል በሚመስል ዝግ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በኔትወርክ ከሌላው ጋር ይዋጋ ነበር። በ1995 «ሜክዋሪየር 2» በየሰዉ ኮምፒውተር ገባ። በ2014 «ታይታንፎል»፣ በ2016 ደግሞ «ታይታንፎል 2» መጡ። ይህ ሁለተኛው የወጣው ሁለት ስመ ጥር የተኩስ ጌሞች በወጡባቸው ሳምንታት መካከል ነበርና ገበያው አልቀናውም። ሆኖም ከዓመታት በኋላም ተመልሰው የሚጫወቱት ሰዎች አላጣም።

የተዘጉም አሉ። «ሆከን» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ በ2018 መጀመሪያ ተዘጋ። «ጋንዳም ኢቮሉሽን» በ2022 ተከፍቶ በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። ተጫዋቾቹ ግን ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጌሙ ሲዘጋ ረሃቡ አብሮ አይዘጋም። እንግዲህ እንደ አባትና እንደ አገልጋይ ራሴን የጠየቅሁት ይህን ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያላለፈው ይህ ረሃብ የምን ረሃብ ነው? ልጄን እያየሁና እየጠየቅሁ ሦስት ነገር አገኘሁ።

የመጀመሪያው የክብደት ረሃብ ነው። በሌሎቹ የተኩስ ጌሞች ተጫዋቹ ቀላል ወታደር ነው፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በአንድ ጥይት ይወድቃል። ሮቦቱ ግን ሲራመድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲዞር ቀስ ብሎ ነው፤ ሲመታ ቶሎ አይወድቅም። ልጆቻችን ደግሞ የሚኖሩበትን ዓለም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ልጄ ያንን ዜና የሰማው ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። የአክስቱን ልጆች ሲያለቅሱ አይቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትልቅ ሰው ገፍቶት ያልፋል፤ ቤት ውስጥ «አንተ ዝም በል» ይባላል። ማታ ስልኩን ሲከፍት ግን ሲራመድ መሬት የሚንቀጠቀጥለት ሰው ይሆናል። ይህን እንዴት ይሰለቸዋል?

ሁለተኛው የመፈለግ ረሃብ ነው። በዚህ ጌም ብቻውን የሚያሸንፍ የለም። አንዱ ጋሻ ይይዛል፣ አንዱ ይጠግናል፣ አንዱ ቦታ ይይዛል። ቀርተህ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። የልጄ ቡድን ሰዓቱ ደርሶ እርሱ ካልገባ ሁለት ሦስት መልእክት ይመጣለታል፤ «የት ነህ? ያላንተ አንጀምርም» ይሉታል። አገልጋዮች ሆይ፣ ለስንት ወጣት «ያላንተ አንጀምርም» ብለናል?

ሦስተኛው የመነሣት ረሃብ ነው። ሮቦቱ ቢወድም ሌላ አለ፤ ዙሩ ቢሸነፍ ሌላ ዙር አለ። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ጊዜ የወደቀ ወጣት ስሙ ተይዞ ይኖራል። ከሁለት ዓመት በፊት ያጠፋውን ዛሬም ስናነሣበት ይሰማል። ስለ ይቅርታ በመድረክ እየሰበክን በበረንዳ ላይ መዝገብ እንይዛለን። ልጆች ደግሞ ከስብከቱ ይልቅ የበረንዳውን ወሬ ይሰማሉ።

ወገኖቼ፣ እነዚህ ሦስት ረሃቦች ከሰይጣን የመጡ አይደሉም። ሰውን በመልኩ የፈጠረው፣ ሥራና ባልንጀራ የሰጠው፣ የወደቀውን የሚያነሣው እግዚአብሔር በልባችን ያኖራቸው ናቸው። የእኔ ስሕተት ረሃቡን እንደ ኃጢአት መቁጠሬ ነበር።

ሆኖም ረሃቡ ንጹሕ ነው ማለት የቀረበው ማዕድ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጌሙ በነጻ ያስገባል። ከዚያ ሮቦቱን ለማሻሻል መጠበቅ ይመጣል፤ መጀመሪያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሰዓታት፣ ከዚያ ቀናት። የማይጠብቅ ሰው ገንዘብ ይከፍላል። በየጊዜው ደግሞ የበረታ አዲስ ሮቦት ይወጣል፤ ትናንት የደከምክበት ዛሬ ደካማ ይሆናል። ስለዚህ «በቃኝ፣ ጨረስኩ» የሚባልበት ቀን የለም። ያልጠገበ ሰው ተመልሶ እንደሚመጣ የሠሩት ሰዎች ያውቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን በስሙ ጠርቶ አካትቶታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሥራና ፍላጎት ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱን እያዩ መቀጠል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲታይ ነው ሱስ የሚባለው። ስለዚህ የተጫወተ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። እኔና ልጄ ግን ስልኩ የሚመዘግበውን ሰዓት አብረን አየን፤ በቀን በአማካይ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነበር። በዓመት ሲባዛ ከ1,500 ሰዓት ያልፋል። ሁለታችንም ዝም አልን።

ከዚያ እኔ፣ አባት ነኝና፣ የማሸንፍበት መስሎኝ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። «ከእነዚያ አምስት ልጆች ስንቶቹን በእውነተኛ ስማቸው ታውቃቸዋለህ?» አልኩት። «ሁለቱን» አለኝ። «እኔ ነገ ብታመም ማንኛቸው ይመጣሉ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አላውቅም» አለ። ቀጥሎ፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲህ አለኝ፤ «አባዬ፣ ከወጣቶች ኅብረትስ ማን ይመጣል?»

መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ሳምንት 1ኛ ሳሙኤል 17ን ደግሜ አነበብኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ታሪክ ነው፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን አንብቤው አላውቅም። ጎልያድ የለበሰው ጥሩር አምስት ሺህ ሰቅል ናስ ይመዝን እንደ ነበር መጽሐፉ ይናገራል፤ በእኛ መለኪያ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚከብድ ነው። ፊት ፊቱ የሚሄድ ጋሻ ጃግሬም ነበረው። በኤላ ሸለቆ የቆመው እርሱ የዘመኑ ሮቦት ነበር ብል አልተሳሳትኩም። የእስራኤል ሠራዊት ያንን አይቶ አርባ ቀን ተንቀጠቀጠ።

ሳኦል ያገኘው መፍትሔ ምን ነበር? ሌላ ሮቦት። ብላቴናውን የራሱን ልብስ አለበሰው፤ የናስ ቁር ደፋለት፤ ጥሩር አስታጠቀው። ትንሹን ልጅ ትልቅ ለማድረግ ትልቅ ዕቃ ውስጥ አስገባው። ዳዊት ለመራመድ ሞከረ፤ አልቻለም። ያልለመደው ነገር መሆኑን ተናግሮ አወለቀው። በእጁ የቀረው በትር፣ ወንጭፍና ከወንዝ የለቀማቸው አምስት ድንጋዮች ነበሩ።

ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ድንጋዩ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት የተናገረው ነው። ዳዊት ለሳኦል የነገረው በበረሃ ስለ ገጠመው አንበሳና ድብ ነበር። የአባቱ በጎች በእጁ ነበሩ። በጎቹን ጥሎ ቢሸሽ የሚበላው በግ እውነተኛ በግ ነበር። ማንም በማያይበት ቦታ፣ ማንም በማያጨበጭብበት ሰዓት፣ እውነተኛ ኃላፊነት ተሰጥቶት እግዚአብሔርን አወቀ። ስለዚህ የሳኦልን ጥሩር ማውለቅ ቻለ፤ ያለ ጥሩሩ ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና።

እኛ ግን ለልጆቻችን በግ አልሰጠናቸውም። አንበሳም ድብም እንዳያዩ ዘጋንባቸው። በቤት «አጥና» አልን፤ በቤተ ክርስቲያን «ተቀመጥ፣ ስማ» አልን። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ይዘው ወደ ሮቦቱ ሲገቡ ተቆጣን። ከልጁ ላይ ጥሩሩን መንጠቅ ቀላል ነው፤ እኔም ረቡዕ ማታ ነጥቄዋለሁ። በጉን ሳይሰጡ ጥሩሩን መንጠቅ ግን ልጁን ራቁቱን መተው ነው።

ስለ ጦር ዕቃ ካነሣን፣ ለእኛ ሰፈር ቅርብ የሆነ ነገር ላንሣ። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ ኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ተኩስና ሸክም ይዞ ረጅም መንገድ መጓዝን ተምረዋል። ስድስት ወር ታስቦ የነበረው ሥልጠና ሁለት ወር ገደማ ላይ ተቋርጦ ተጠሩ፤ አገራቸው እንደ ገቡም ብዙ ሳይቆዩ ተያዙ። ከዚያ የተከተለው 27 ዓመት እስር ነው። በእነዚያ ዓመታት ኮልፌ የተማሩት ተኩስ የሚሠራላቸው ነገር አልነበረም። ያሳለፋቸው የትዕግሥት፣ ከወንድሞች ጋር አብሮ የመቆምና ጠላትን እንደ ሰው የማየት ነገር ነው። ልጄ ይህን ስነግረው «እዚህ እኛ ጋ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አክስቴ ቤታችን መጥተው ነበር፤ እትዬ እንላቸዋለን። ቡና እየተፈላ ባለቤቴ የረቡዕ ማታውን ጉዳይ አነሣችባቸው፤ ልጁን እንዲገሥጹልን አስባ ነው። እትዬ ግን «አምስት ሰው ጥዬ ወጣሁ» የሚለውን ሲሰሙ ሲኒውን አስቀመጡ።

«እኛም አምስት ነበርን» አሉ።

በደርግ ዘመን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። «እኔ የበሩ ጠባቂ ነበርኩ። ደጅ ቁጭ ብዬ ቡና እያፈላሁ መንገዱን አያለሁ። የማላውቀው ሰው ብቅ ካለ ሲኒ አንኳኳለሁ፤ እነርሱ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሱን ይደብቃሉ። አንድ ቀን ዝናብ ነበር፤ ልቅር ብዬ አሰብኩ። እኔ ከቀረሁ ግን አራቱ ይያዛሉ። ሄድኩ» አሉ።

ልጄ ዓይኑን ከእርሳቸው ላይ አላነሣም። «እማማ፣ እርስዎም ጋሻ ነበሩ ማለት ነው?» አላቸው። እትዬ ጋሻ ያለው ሮቦት ምን እንደ ሆነ አያውቁም። «አዎ ልጄ፣ በዚያው በአቅሜ» አሉት።

የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ የእትዬ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሙሉ ወንጌልን እንቅስቃሴ ያቀጣጠሉት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና አማኞች ሲታሰሩ፣ ኅብረቱ በትንንሽ ቡድን በየቤቱ ቀጠለ። በሩ እንደ ገና ሲከፈት የወጣው ሕዝብ ከገባው እጅግ የበዛ ነበር። ያ ትውልድ ከእኛ ልጆች የተለየ ደም አልነበረውም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጅ ላይ የአራት ሰው ሕይወት ተቀምጦ ነበር። መከራው ይመለስ አልልም፤ እግዚአብሔር ያርቀው። ነገር ግን ስደቱ ሲያልፍ አደራውንም አብረን ከወጣቶች እጅ ወስደን ለሽማግሌዎች ኮሚቴ ሰጠነው ብዬ እፈራለሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ስለ እግዚአብሔር የጦር ዕቃ ሲጽፍ ታስሮ ነበር። ምናልባት ያንን ሲጽፍ በአጠገቡ የታጠቀ ወታደር ቆሞ ይሆናል። የታጠቀው ወታደር ነጻ ይመስላል፤ የታሰረው ጳውሎስ ግን ሌሎችን ያስታጥቃል። ደግሞም የጻፈው ለአንድ ጀግና ሳይሆን ለማኅበር ነው፤ ወዲያው ቀጥሎም ስለ ቅዱሳን ሁሉ እንዲጸልዩ፣ ስለ እርሱም እንዲጸልዩ ይለምናል። በብቻ የሚለበስ የጦር ዕቃ አይደለም። ልጄ እንዳለው ብቻውን የሚወጣ ይሞታል።

ስለዚህ ወደ ሽማግሌዎች ስብሰባ ተመልሼ ሐሳቤን ተውኩት። በምትኩ አንድ ነገር ለመንኩ፤ ለወጣቶቻችን ቢተዉት በእውነት የሚጎድል ሥራ እንስጣቸው አልኩ። በሰፈራችን አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት እናት አሉ። ውኃ በሳምንት በተወሰነ ቀን ነው የሚመጣው፤ ቀድቶ የሚያስቀምጥላቸው የላቸውም። ልጄና አራት ጓደኞቹ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሃያ ሊትር ጀሪካን እየተሸከሙ እንዲሞሉላቸው አደራ ተቀበሉ። ትልቅ ሰው አብሯቸው አይሄድም፤ የሚከታተላቸውም የለም። አደራው የእነርሱ ነው።

በቤታችን ደግሞ አንድ ስምምነት አደረግን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ አዲስ ዙር አይጀምርም። እኔም የጀመረውን ዙር አላቋርጥበትም፤ በጸሎት ሰዓት የእኔም ስልክ ከእርሱ ስልክ አጠገብ ይቀመጣል። ይህን የመጨረሻውን የጠየቀው እርሱ ነው፤ ትክክልም ነበር።

ተአምር ሆነ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ልጄ ዛሬም ይጫወታል። ሰዓቱ ቀንሷል፤ አልጠፋም። በአንዱ ዓርብ ሌሊት እስከ ንጋት ተጫውቶ ቅዳሜ ጠዋት ሳይነሣ ቀረ። ሌሎቹም እርሱን ጠብቀው ተበተኑ። እኒያ እናት ያን ሳምንት ከጎረቤት በማንቆርቆሪያ እየተለመነላቸው ሰነበቱ። እኔ ሳላውቅ ልጄ ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ሄዶ አገኛቸው። ማታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «አባዬ፣ ጥያቸው ቀረሁ እኮ» አለኝ። ያው የረቡዕ ማታው ፊት ነበር። ዛሬ ግን አልገሠጽኩትም። አብረን ጸለይን፤ የዚያን ማታ እርሱ ነው የጸለየው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሞ ሄደ።

ጌታን በመፈለግ ላይ ላለህ፣ ላለሽ ወጣት አንድ ቃል ልጨምር። እኛ ትንንሾቹ ትልቅ አካል ለመልበስ እንመኛለን፤ ትልቅ ስንሆን የማንነካ የምንሆን ይመስለናል። ወንጌል የሚነግረን ተቃራኒውን ነው። ሁሉ በእርሱ የተፈጠረው ጌታ ትንሽ አካል ለበሰ፤ በግርግም ተኛ፣ ተራበ፣ ደከመው፣ ተመታ። መጠባበቂያ አካል አልነበረውም፤ ያችኑ አንዲቱን ሥጋ ስለ እኛ ሰጠ። በሦስተኛው ቀን ሲነሣም የችንካሩን ምልክት አልደበቀም። ከኋላው የተጠለለውን ሰው ጥሎ አልወጣም፤ ወደ ፊትም አይወጣም። የምትራበው ጓደኝነት፣ የምትናፍቂው ክብደት፣ ከውድቀት የመነሣት ተስፋ በእርሱ ዘንድ አለ፤ ያለ ክፍያም ነው።

ወላጆችና አገልጋዮች ሆይ፣ ዛሬ ማታ የልጃችሁን ስልክ ከመንጠቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ «እስቲ አሳየኝ» በሉት። ከዚያም ነገ በእጁ የምታስቀምጡለትን በግ ፈልጉ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።